ልዑል ዓለማየሁና የሚያውቀው እቅፍ

ስለ ሕፃናት አስተዳደግ ሳስብ ትዝ የሚለኝ ልዑል ዓለማየሁ ነው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ የእኛው የቋራ ሰው ናቸውና ታሪኩ ሩቅ አይደለም።

ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ተወለደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ አባቱ ራሳቸውን ሠዉ። እናቱም ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በማግሥቱ ወር መንገድ ላይ ታመው ዐረፉ። ልጁ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር።

ያን ጊዜ የያዘው ካፒቴን ስፒዲ ነበር፤ አማርኛ የሚችል፣ በአገራችን ባሻ ፈለቀ የተባለ ሰው። ዓለማየሁ ከእሱ አልለይም አለ። ሌሊት ስለሚፈራ አጠገቡ ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። በእንግሊዝ አገር፣ በኋላም በህንድ አብረው ኖሩ።

ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ በወጉ ይማር ብሎ ከስፒዲ ለየው። ቸልተናም፣ ቀጥሎ ራግቢ፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገባው። ምግብ፣ ልብስና መምህር አልጎደለበትም፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ታስብለት ነበር። ሆኖም በትምህርቱ አልገፋም፤ ደስታም አልነበረውም። ኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረውም ዊንዘር ነው።

የገደለው ሕመም ነው፤ ናፍቆት ነው አልልም። ግን ሁሉ ነገር የተሟላለት ልጅ የሚያውቀውን ሰው ሲያጣ ምን ያህል እንደሚጎዳ ሕይወቱ ያሳየናል።

የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ከሆነ፣ የአንድ ዓመቱስ? የሕፃን አንጎል ሲወለድ የአዋቂውን ሩብ ያህል ነው፤ በሁለት ዓመቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ይደርሳል። ሲያለቅስ የሚያነሳው፣ ሲስቅ አብሮት የሚስቅ፣ ፊቱን የለመደው ሰው ካለ በዚያ ጊዜ ፍርሃቱን ማብረድና ሰው ማመን ይማራል።

እኛ መተማዎች ለሰሊጥ አጨዳ ስንወጣ ሕፃኑን ዛሬ ለአንዷ፣ ነገ ለሌላዋ እንሰጣለን። ሥራው ግድ ነው። ቢያንስ ያዢዋ አንድ ትሁን፤ ከመውጣታችን በፊትም ጥቂት ቀን እኛው ባለንበት ትልመደው። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሕፃናትን የያዛችሁ እህቶችም፣ ልጁ ከለመዳችሁ በኋላ ከቤት ወደ ቤት አታዘዋውሩት። ይህ ብር አይጠይቅም።