ቆማ የጠበቀችው መምህርት

ሱዛን ቢ. አንተኒ ሲባል ብዙዎቻችን ለአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችውን ሴት ነው የምናስታውሰው። መጀመሪያ ግን አስተማሪ ነበረች። ጋውን ለብሼ ለምውለው ለእኔ የእሷ ታሪክ የሚነካኝም በዚሁ በመምህርነቷ በኩል ነው።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1820 በማሳቹሴትስ ግዛት አዳምስ በምትባል ከተማ ነው። ማስተማር የጀመረችው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ነው። በኋላም በኒውዮርክ ግዛት ካናጆሃሪ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የሴቶች ክፍል ኃላፊ ሆነች፤ ደመወዟ ግን በዓመት 110 ዶላር ገደማ ነበር። ወንድ መምህራን ከዚያ በጣም የበለጠ ያገኙ ነበር።

በ1845 የተመሠረተው የኒውዮርክ ግዛት መምህራን ማኅበር በ1853 ሮቼስተር ላይ ጉባኤ ተቀመጠ። ከተሰብሳቢው አብዛኛው ሴት ነው። ሴቶቹ መዋጮ ይከፍላሉ እንጂ ተነሥተው አይናገሩም። የውይይቱ ጥያቄ መምህር እንደ ሐኪም፣ እንደ ጠበቃና እንደ ቄስ ለምን አይከበርም የሚል ነበር። ሱዛን ተነሥታ የመናገር ዕድል ጠየቀች። ወንዶቹ ይፈቀድላት አይፈቀድላት እያሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ፤ እሷም ከተቀመጠች ዕድሉ እንዳያመልጣት ቆማ ጠበቀች። በጥቂት ድምፅ ብልጫ ተፈቀደላት።

ንግግሯ አጭር ነበር። ሴት ለሐኪምነት፣ ለጠበቃነትና ለቄስነት አእምሮ የላትም፣ ለመምህርነት ግን ይበቃታል ከተባለ፣ መምህር የሆነ ወንድ ሁሉ ከሴት የተሻለ አእምሮ እንደሌለው በራሱ ላይ እየመሰከረ ነው አለቻቸው። ደመወዛቸውም የሚወርደው በርካሽ ከምትቀጠር ሴት ጋር ስለሚወዳደሩ መሆኑን አስረዳች።

በዚያ አላበቃችም። በ1857ቱ ጉባኤ ጥቁሮች በየትምህርት ቤቱና በየኮሌጁ እንዲገቡ፣ ወንድና ሴትም አብረው እንዲማሩ ጠየቀች፤ አልተሳካላትም። በ1872 ድምፅ ሰጥታ ታሰረች፤ የተፈረደባትን 100 ዶላር እስከ ዕለተ ሞቷ አልከፈለችም።

በ1900 የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን ለመቀበል የተወሰነ ገንዘብ እንዲሰበሰብ ጠየቀ። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ገንዘቡ ገና አልሞላም ነበር። የ80 ዓመቷ ሱዛን ቀኑን ሙሉ ደጅ ስትጠና ዋለች፤ የመጨረሻውን 2,000 ዶላር የራሷን የሕይወት ኢንሹራንስ አስይዛ ሞላች። በ1906 አረፈች። የሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ከ14 ዓመት በኋላ ነው።

የ1853ቱ ጥያቄ ዛሬም በየመምህራን ክበባችን አለ። እሷ ያኔ የሰጠችው መልስ ለሆስፒታልም ይሠራል፦ ነርሷን ዝቅ አድርጎ ሐኪሙ ብቻ የሚከበርበት ሙያ የለም። ከመካከሉ አንዱን ዝም ያሰኘ ሙያ የራሱን ክብር ነው የሚያወርደው።