ለወንጀል ስም ያወጣው ሊቅ፤ ራፋኤል ሌምኪን

በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማር ወጣት የወንጀል ሕጋችንን ገልጦ 269ኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ስለ ዘር ማጥፋት የተደነገገውን ያገኛል። ይህ ወንጀል እንደ ስርቆት ወይም እንደ ነፍስ ግድያ ከጥንት ጀምሮ የራሱ መጠሪያ የነበረው አይደለም። ስም ያወጣለትና ወደ ዓለም ሕግ ያስገባው ዶክተር ራፋኤል ሌምኪን የተባለ የፖላንድ ሕግ ዐዋቂ ነው። ታሪኩን ለወጣት አንባቢዎቻችን ለማቅረብ የወደድነው ሥራው ከአገራችን፥ ይልቁንም በቅርቡ ከጌዴኦ ምድር ጋራ የሚገናኝበት ነገር ስላለ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሌምኪን በ1892 ዓ.ም. በቮልኮቪስክ ከተማ አጠገብ ከአይሁድ ገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። አገሩ ያን ጊዜ በመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበር፤ ዛሬ የቤላሩስ ነው። ገና ልጅ ሳለ ኔሮን ቄሣር በክርስቲያኖች ላይ ያደረሰውን ግፍ አንብቦ፥ ሕዝብ እያየ ሰው ሲታረድ ከልካይ መጥፋቱን አጥብቆ ያስብ ነበር።

በ1913 ዓ.ም. ሶጎሞን ቴህሊሪያን የሚባል አርመናዊ፥ ለወገኖቹ ዕልቂት ተጠያቂ ያደረገውን የቱርክ ሹም ታላት ፓሻን በበርሊን መንገድ ላይ በጥይት ገደለው። (ልዑል ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የሙዚቃ ልጆች ከዚያ ዕልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ።) የሕግ ተማሪ የነበረው ሌምኪን፥ ታላት ስለ ምን በሕግ ሳይያዝ እንደ ቀረ መምህሩን ጠየቀ። መምህሩም አንድ ገበሬ የገዛ ዶሮዎቹን ቢያርድ ጎረቤቱ ሊከሰው እንደማይችል ሁሉ፥ መንግሥትም በገዛ ሕዝቡ ላይ ስላደረገው የሚጠየቅበት ሕግ አለመኖሩን ነገሩት። አንድ ሰው የገደለ ሲቀጣ ሕዝብ የፈጀ በነጻ መሄዱ ለሌምኪን የዕድሜ ልክ ጥያቄ ሆነበት።

በዋርሶ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሲሠራ በ1926 ዓ.ም. ለማድሪዱ የሕግ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ጻፈ። ሕዝብን ማጥፋትና የሕዝብን ቅርስ ማውደም በየአገሩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንዲገባ ነበር የጠየቀው። ራሱ ወደ ጉባኤው አልሄደም፤ ሐሳቡም ሳይጸድቅ ቀረ።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ጀርመን ፖላንድን ወረረች። ሌምኪን በሊቱዌንያ በኩል ወደ ስዊድን ሸሸ። እኛን ከሁሉ አብልጦ የሚደንቀን በዚያ የሠራው ሥራ ነው። ጀርመኖች በያዟቸው አገሮች የሚያወጧቸውን አዋጆችና ደንቦች አንድ በአንድ ሰበሰበ። ማን ከማን እንዲጋባ፥ የማን ንብረት እንዲወረስ፥ ለየትኛው ዘር ስንት ምግብ እንዲታደል የሚወስኑ ወረቀቶች ነበሩ። ከጥይቱ በፊት መዝገቡና ማኅተሙ መቅደማቸውን፥ ሥራውም የሚጀመረው በጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ከእነዚህ ወረቀቶች አየ። በ1933 ዓ.ም. አሜሪካ ገብቶ፥ በ1937 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ዘር የሚለውን የግሪክና መግደል የሚለውን የላቲን ቃል አጋብቶ ጄኖሳይድ የሚለውን ስም አወጣ። በኑረምበርግ ፍርድ ጊዜ ለአሜሪካው ዐቃቤ ሕግ አማካሪ ሆኖ ሲሠራ፥ ወላጆቹን ጨምሮ 49 ዘመዶቹ ማለቃቸውን ተረዳ። ከቅርብ ቤተ ሰቡ የተረፈው ወንድሙ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በተባበሩት መንግሥታት መተላለፊያ ላይ እየቆመ መልእክተኞችን ሲለምን፥ ሌሊት ደብዳቤ ሲጽፍ ኖረ። ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. ዘር ማጥፋትን ለመከላከልና ለመቅጣት የተደረገው ስምምነት በፓሪስ ጸደቀ። ድርድሩ እንዳይፈርስ ሲባል የፖለቲካ ቡድኖች ከስምምነቱ እንዲወጡ ተደረገ፤ ሌምኪንም ይህን ደግፏል።

ስምምነቱን ከዓለም መንግሥታት ሁሉ አስቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ቀኑም ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነበር። የመርዝ ጢስንና የየካቲት 12ን ፍጅት ያየ አገር ቢፈጥን አያስገርምም። በጄኔቫው ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ281ኛው አንቀጽ ወንጀሉን ሲደነግግ፥ ዓለም የተወውን የፖለቲካ ቡድን ጨመረ። የደርግ ባለ ሥልጣኖች ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ሳይባል ዓመታት በፈጀ ችሎት ተከሰው በ1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት በዚያው አንቀጽ ነው። ሌምኪን ይህን አላየም። ነሐሴ 22 ቀን 1951 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በድንገት ሞተ፤ በቀብሩ ላይ የተገኙት ሰባት ሰዎች ብቻ እንደ ነበሩ ይነገራል። መጠጊያው አሜሪካ ስምምነቱን ያጸደቀችው በ1981 ዓ.ም. ነው።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። የሚበዛው ጌዴኦ ሲሆን ከጉጂም ብዙ ነበር። በገደብ፥ በኮቾሬና በይርጋ ጨፌ ቤት ያጣው ሕዝብ ከነልጆቹ ተጨናንቆ ከረመ። ነገሩ ዘር ማጥፋት ነው ወይም አይደለም ማለት የፍርድ ቤት እንጂ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ሕጉ የማጥፋት ሐሳብ በማስረጃ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ሆኖም የቀድሞው 281ኛውም የዛሬው 269ኛውም አንቀጽ፥ ሕዝብን በማጥፋት ሐሳብ በግድ ማፈናቀልንና መበተንን ከወንጀሉ መንገዶች አንዱ አድርገው ይቈጥራሉ። የማጥፋት ሐሳብ የሚረጋገጠው ደግሞ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ጉጂና ጌዴኦ ደም ሲፈስ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የተባለ የአባቶች ሥርዓት አላቸው፤ ይህ ከማንኛውም አንቀጽ ይቀድማል። መንግሥትም በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለውን 1185ኛውን አዋጅ አወጣ። ሌምኪን የደከመለት ስምምነት በስሙ መከላከልን ከመቅጣት ያስቀድማል። 269ኛው አንቀጽ ከአምስት ዓመት እስራት እስከ ሞት የሚደርሰውን ቅጣት በዝርዝር ይናገራል። የመጀመሪያው ቤተ ሰብ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በመጣበት ቀን፥ ሹሙ ለማን፥ በስንት ሰዓት ውስጥ ማስታወቅ እንዳለበት ግን በአንቀጹም በአዋጁም አልተጻፈም።