የቫይዝማን ባክቴሪያና የእኛ በርሜል

ርሖቮት ውስጥ ቫይዝማን የሚለው ስም የሌለበት የት አለ? መንገዱ በሳቸው ስም ነው፣ የሳይንስ ተቋሙ በሳቸው ስም ነው፣ ቂርያት ቫይዝማንም እንዲሁ። ስለ ሰውየው የምናውቀው ግን የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መሆናቸውን ብቻ ነበር። ዘንድሮ የማኅበራችን ልጆች ከወጥ ቤት ትርፍራፊ ብስባሽ (ኮምፖስት) እናዘጋጃለን ብለው አንድ በርሜል ሞሉ። ሽታው ሰፈሩን ሲያስመርር ምክንያቱን ስንፈልግ ሌላውን ቫይዝማን አገኘን፤ ባክቴሪያ አርቢውን።

ሐይም ቫይዝማን እ.ኤ.አ. በ1874 ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር፣ ሞታል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው እንጨት ነጋዴ ነበሩ፤ ግንዱን በወንዝ እያንሳፈፉ ይወስዱ ነበር። ልጃቸው በጀርመንና በስዊዘርላንድ ኬሚስትሪ ተምረው በ1899 ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ1904 ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር ገቡ።

እዚያ ከያዟቸው ሥራዎች አንዱ ሰው ሠራሽ ጎማ ነበር። ለዚያ የሚሆነውን ቡታኖል የተባለ ፈሳሽ ከእህል የምታወጣ ባክቴሪያ ፍለጋ ብዙ ሞከሩ። በመጨረሻ ያገኟት ዛሬ ክሎስትሪዲየም አሴቶቡቲሊከም የምትባለውን ነው። አፈር ውስጥ የምትኖር ናት፣ ኦክስጅን ግን አትወድም። በቆሎ ፈጭተህ፣ ቀቅለህ፣ አየር ከልክለህ ብትሰጣት መጀመሪያ አሲድ ታወጣለች፤ ከአሲዶቹ አንዱ የተበላሸ ቅቤን የሚያሸተው ነው። ቆየት ብላ ይህንን ወደ ቡታኖል፣ አሴቶንና አልኮል ትቀይረዋለች። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ብዙም አልገረማቸው፤ የጠላ ጋን አፉ ለምን እንደሚመረግ ለነሱ ማን ይነግራቸዋል!

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የተፈለገው ቡታኖሉ ሳይሆን አሴቶኑ ሆነ። እንግሊዞች ኮርዳይት የተባለውን ባሩድ ለመሥራት ብዙ አሴቶን ያስፈልጋቸው ነበር። በቫይዝማን ዘዴ የአረቄ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ወደ አሴቶን ማምረቻነት ተለወጡ፤ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ድረስ። በ1917 የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የጭነት መርከቦችን ሲያሰምጡ እህል አጠረ። ያኔ የእንግሊዝ ተማሪዎች ሰው የማይበላውን አንድ የዛፍ ፍሬ እንዲለቅሙ ተደረገ። ብዙው ግን ማጓጓዣ ጠፍቶ ባቡር ጣቢያ ላይ እንደተቆለለ በሰበሰ። ልጆቻችን እዚህ ላይ ሲደርሱ ሳቁ፣ ከዚያ ዝም አሉ። የአፈር ፍጥረት ለባሩድ መዋሏ እኛንም ቅር ይለናል፤ መደበቅ ግን አልፈለግንም።

ወደ በርሜላችን እንመለስ። እርጥብ ልጣጩን ጠቅጥቀን፣ ክዳኑን ገጥመን ስንተወው ለካ አየር የማይወዱትን ነበር የጋበዝነው! ቫይዝማን አየር የከለከሉት አውቀው ነው፣ እኛ ሳናውቅ። ብስባሽ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። አየር የሚወዱት ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች እንዲሠሩ ደረቅ ቅጠልና የተቀደደ ካርቶን ይቀላቀላል፣ በየጊዜው ይገላበጣል፣ እርጥበቱም ታጥቦ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይሆናል። ትልቅ ክምር ከሆነ መሃሉ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ እጃችሁን እንዳትከቱ። ሲበስል የሚሸተው የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ነው። ያ ሽታ ራሱ አክቲኖማይሲት የሚባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። አባቶቻችን ጎንደር ውስጥ ፍግ ሲበትኑ ስማቸውን አያውቁም ነበር እንጂ ሥራቸውን ያውቁ ነበር።

ቫይዝማን በ1934 እዚሁ ርሖቮት የዳንኤል ዚፍ የምርምር ተቋምን ከፈቱ። ተቋሙ በ1949 በስማቸው ተጠራ፤ በዚያው ዓመት እሳቸው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ዓይናቸው ደክሞ፣ ጤናቸው ታውኮ ኖቬምበር 9 ቀን 1952 አረፉ። የተቀበሩት ርሖቮት በሚገኘው ቤታቸው ግቢ ውስጥ ነው።

በርሜሉ አሁን ደኅና ነው፣ ጎረቤቶቻችንም ሰላም ይሉናል። ደረቅ ቅጠል ግን እያለቀብን ስለሆነ፣ ወላጆች ግቢያችሁን ስትጠርጉ አትጣሉት፣ በጆንያ አድርጋችሁ ላኩልን።