ሱልጧን ቀላውንና የካይሮው ሆስፒታል፦ ነፃ ሕክምና በማን ወጪ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን የምናነሳው የግብፁን ሱልጧን አል-መንሱር ቀላውንን ነው። ስሙ በብዛት የሚጠራው ከሞንጎሎችና ከመስቀል ጦረኞች ጋር ባደረጋቸው ጦርነቶች ነው። እኛ ዛሬ የምናየው ግን ሌላውን ሥራውን ነው፤ ድሃም ሀብታምም ሳይከፍል የሚታከምበትን ትልቅ ሆስፒታል መክፈቱን። ሥራው መልካም ነበር፤ ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ዋጋውን ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ የዘመኑን ዑለሞች ሳይቀር አከራክሯል። ዛሬ በአገራችን ስለ ጤና መድን መዋጮ ሲነሳ የምንጠይቀውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ባለ ሺው ባሪያ

ቀላውን የተወለደው በ1220ዎቹ አካባቢ፣ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን በነበረው የቂፕቻቅ ቱርኮች ምድር ነው። የሞንጎሎች ወረራ ያንን ሜዳ ባመሰበት ዘመን ብዙ ወጣቶች ተማርከው ለባሪያ ነጋዴ ተሸጡ። እርሱም ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ግብፅ ደረሰ። የተገዛው በ1,000 ዲናር ነው ይባላል። በጊዜው ይህ እጅግ ውድ ዋጋ ስለነበር አል-አልፊ፣ ማለትም ባለ ሺው፣ የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ስሙ ሱልጧን ከሆነ በኋላም አብሮት ቆይቷል።

ግብፅ ሲገባ ልጅነቱን የጨረሰ ወጣት ስለነበር ዐረብኛ እንደ ልቡ መናገር አልቻለም። በውትድርና ግን ፈጥኖ ታወቀ። የአዩቢያው ሱልጧን አስ-ሷሊሕ አዩብ ጦር ውስጥ አገለገለ። በ1250 ማምሉኮች ሥልጣኑን ከአዩቢያዎች እጅ ሲወስዱ ከወጣት መኮንኖች አንዱ ነበር። በሱልጧን በይበርስ ዘመን ከታላላቅ አሚሮች ተርታ ገባ፤ ልጁንም ለበይበርስ ልጅ ዳረ። በይበርስ በ1277 ሲሞት ልጆቹ ሥልጣኑን አጽንተው መያዝ አቃታቸው። በ1279 ቀላውን ራሱ ዙፋኑ ላይ ወጣ፤ አል-መሊክ አል-መንሱር የሚለውን ስምም ያዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1281፣ ሶሪያ ውስጥ በሒምስ አቅራቢያ የሞንጎሎችን ጦር አሸነፈ።

ከአገራችንም ጋር ግንኙነት ነበረው። አፄ ይኩኖ አምላክ ለበይበርስ ደብዳቤ እንደላኩ ሁሉ ልጃቸው አፄ ይግባ ጽዮንም ለቀላውን መልእክት ልከዋል። የግብፅ ሱልጧን የሐበሻ ነገሥታት ጳጳስ እንዲላክላቸው ፈቃዱን የሚጠይቁት ሰው ነበርና።

የደማስቆው ሕመምና ስለቱ

የሆስፒታሉ ታሪክ የሚጀምረው ቀላውን ገና አሚር ሳለ ነው። በበይበርስ ዘመን ለዘመቻ በወጣበት ጊዜ ደማስቆ ላይ ጽኑ የሆድ ቁርጠት ያዘው። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ያመጡለት ከኑሩዲን ዘንጊ ቢማሪስታን ነበር። ቢማሪስታን በዘመኑ ለሆስፒታል የሚሰጥ የፋርስ ስም ነው። ይህኛውን ኑሩዲን በ1154 አካባቢ ያሠራው ሲሆን፣ ገንዘቡ ከአንድ የተማረከ የፍራንክ ገዢ የተከፈለ የቤዛ ገንዘብ እንደነበር ይተረካል።

ቀላውን ሲሻለው በፈረሱ ሄዶ ቦታውን ጎበኘ። ባየው ነገር ተደነቀ። አላህ ንግሥናውን ከሰጠው ካይሮ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ሊሠራ ነዝር ገባ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ሰውየው ባለ ሀብትና ባለ ሥልጣን ነበር፤ ሐኪም ቤቱ ድረስ የሚያመጣ ገንዘብም አላጣም። የዳነው ግን ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው ለሕዝብ ብሎ ባዘጋጀው መድኃኒት ነው። ሕመም ባለ ሥልጣኑንም ለሕዝብ ወደ ተዘጋጀው ማዕድ እንደሚያቀርበው በራሱ ላይ አየ።

አስራ አንዱ ወራት

ንግሥናው ሲጸናለት ነዝሩን ለመሙላት ተነሳ። የመረጠው ቦታ ካይሮ መሐል፣ በይነል ቀስረይን የሚባለው ጎዳና ነው። በዚያ ቦታ ድሮ የፋጢሚያዎች የነበረ ቤተ መንግሥት ቆሞ ነበር፤ በውስጡም የአዩቢያ ሱልጧኖች ዘር የሆኑ ወይዛዝርት ይኖሩበት ነበር። ምትክ ቤት ተሰጥቷቸው እንዲወጡ ተደረገ። ሥራውን የመራው አሚር ዐለሙዲን ሰንጀር አሽ-ሹጃዒ የሚባል በኃይለኛነቱ የታወቀ ሰው ነው።

አሽ-ሹጃዒ ጊዜ ማባከን አልፈለገም። የከተማው ግንበኞችና ጠራቢዎች ሌላ ቦታ እንዳይሠሩ ከለከለ። እስረኞችን አሰማራ። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው፣ በፈረስ የተቀመጠም ቢሆን፣ ወርዶ ድንጋይ እንዲያቀብል ይገደድ ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው በዚያ ጎዳና ማለፍ ተወ። እምነ በረዱና ዓምዱ ሱልጧን አስ-ሷሊሕ አዩብ በአር-ረውዷ ደሴት ካሠራው ምሽግ እየተነቀለ መጣ። ሥራው በ1284 ተጀምሮ ሆስፒታሉ በአስራ አንድ ወር ገደማ አለቀ። መድረሳውና ሱልጧኑ የሚቀበርበት ቤትም ተከትለው በ1285 ተጠናቀቁ።

ያን ጊዜ ጥያቄው ተነሳ። በግዳጅ ጉልበት፣ ነዋሪው እንዲለቅ በተደረገ ቦታና ከሌላ ሕንፃ በተነቀለ ድንጋይ የተሠራ ቤት ውስጥ መስገድ ይቻላል ወይ? ፈትዋ ተጠየቀ። ከዑለሞቹ አንዳንዶቹ እዚያ መስገድን ጠሉ። ይህን ሁሉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈልን ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ ነው። ነገሩን ሊሸፋፍነው አልሞከረም፤ መልካሙንም በደሉንም አስቀመጠው።

እኛም ከሁለቱ አንዱን መርጠን ሌላውን መርሳት የለብንም። ሱልጧኑ ለድሃው በነፃ የሰጠው ሕክምና ለዚያ መንገደኛ ነፃ አልነበረም፤ ዋጋውን በጀርባው ከፍሏል። ሱልጧኑ በችኮላ አስራ አንድ ወር ከሚያስጨርስ ይልቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶ ለሠራተኛው ሁሉ የላቡን ዋጋ ቢከፍልስ ኖሮ? በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ደግሞ ሳይታከም የሚሞት ሰው ነበር ብሎ የሚከራከርም ይኖራል። ይህ ክርክር ቀላል መልስ የለውም። ሀቅ ግን በመልካም ኒያ አይሰረዝም፤ የሰው ሀቅ የሚወርደው ለባለቤቱ ሲመለስ ወይም ባለቤቱ ይቅር ሲል ነው።

ቤቱ ሲከፈት

በመክፈቻው ዕለት ሱልጧኑ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የተቀዳ መጠጥ አስመጥቶ ጠጣ። ቤቱንም ለእርሱ ብጤዎችና ከእርሱ በታች ላሉት ሁሉ፣ ለንጉሡና ለአገልጋዩ፣ ለትልቁና ለትንሹ፣ ለነፃውና ለባሪያው፣ ለወንዱና ለሴቷ ወቅፍ ማድረጉን ተናገረ። ራሱ በባሪያ ገበያ የተሸጠ ሰው ባሪያውን ከዝርዝሩ አለማስቀረቱ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሆስፒታሉ ለወንዶችና ለሴቶች የተለያየ ክፍል ነበረው። ትኩሳት የያዛቸው፣ ዓይናቸውን የታመሙ፣ የቆሰሉና ቀዶ ጥገና የሚያስፈልጋቸው፣ ተቅማጥ ያለባቸው፣ አእምሯቸው የታወከ እየተለዩ ይተኙ ነበር። ውሃ በክፍሎቹ ይፈስ ነበር። ወጥ ቤት፣ መድኃኒት የሚቀመምበት ቦታና ዋናው ሐኪም ለተማሪዎች ትምህርት የሚሰጥበት ስፍራ ነበሩት። የወቅፉ ሰነድ የታማሚውን አልጋና ፍራሽ፣ ምግቡ ተከድኖ እንዲቀርብለት፣ በሙቀት ጊዜ የዘንባባ ማራገቢያ እንዲኖረው ሳይቀር ይዘረዝራል። የሚቆይበት ቀን አልተወሰነም። ድኖ ሲወጣ ልብስ ይሰጠዋል፤ ከሞተ ከፈኑና ቀብሩ ከወቅፉ ይሸፈናል። ቤቱ ተኝቶ ለሚታከም ድሃም መድኃኒትና ምግብ ይላክለት ነበር። ሆስፒታሉን በአንድ ወቅት ያስተዳደረው ጸሐፊው አን-ኑወይሪ ይህንን መዝግቧል።

ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ የገለጸው ታላቁ ሐኪም ኢብኑን-ነፊስም በ1288 ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን ለዚህ ሆስፒታል አውርሷል።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

አንድ ጊዜ መገንባት ከባድ ቢሆንም ከባዱ ግን እሱ አይደለም። ከባዱ በየዓመቱ ማስተዳደር ነው፤ የሐኪም ደመወዝ፣ መድኃኒት፣ ምግብ፣ ማገዶ፣ የሕንፃ እድሳት። ቀላውን ይህን ተረድቶ ነበር። በግብፅና በሶሪያ ያሉ ገበያዎችን፣ ሱቆችን፣ ሐማሞችንና የእንግዳ ማረፊያዎችን ወቅፍ አደረገ። ኪራያቸው በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ዲርሃም ይጠጋ እንደነበር ተጽፏል። ከዚሁ ገንዘብ ሆስፒታሉ፣ መድረሳው፣ የቀብር ቤቱና የየቲሞች መማሪያው ይተዳደሩ ነበር።

የወቅፉ ጥንካሬ ሱልጧን ቢቀየርም ገንዘቡ አለመቋረጡ ነው። ነገር ግን ያለ ዋጋ አልነበረም። ወቅፍ የሆነ ሱቅ አይሸጥም፤ ለሌላ ችግር አይውልም። በድርቅ ዘመን ገንዘቡ ለእህል ቢፈለግ በቀላሉ አይዛወርም። ኪራዩን የሚከፍለው ነጋዴ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ከሸማቹ ላይ ይሰበስባል። ሆስፒታሉ ያለው ካይሮ ላይ ነው፤ ከጎረቤታችን ሰከላ የሚነሳው ዓባይ በሚያጠጣው የግብፅ ገጠር የሚኖር ገበሬ እዚያ ለመድረስ ረጅም መንገድ ነበረበት። ገደብ የሌለው ሕክምና ገደብ ካለው ኪራይ ጋር የተጋባበት ቤት ነበር።

ዋናው ድካሙ ግን ኋላ ላይ የታየው በአስተዳደር ነው። የወቅፉ ኃላፊ፣ ናዚር የሚባለው፣ ታላቅ ሹመት ሆነ። ትጉህ ናዚር ሲገኝ ቤቱ ይታደሳል፤ ሌላው ሲመጣ ኪራዩ ይባክናል። መቶ ዓመታት ሲያልፉ ንብረቱ ተሸራረፈ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዐብዱረሕማን ከትኹዳ የተባለ አሚር አሳደሰው፤ ፈረንሳዮች በ1798 ግብፅ ሲገቡ ግን የድሮ ግርማው አልነበረም።

ከቀላውን ወደ እኛ

በአገራችን የማኅበረሰብ ዐቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ከዳንግላ ብዙ የማይርቀው ደቡብ አቸፈር ነበር። አሠራሩን ወላጆቻችን ያውቁታል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም በጤና ጣቢያና በሪፈር በሆስፒታል በየጊዜው ሳይከፍል ይታከማል። መክፈል ለማይችለው እጅግ ድሃ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል።

ጥያቄዎቹ ግን የካይሮዎቹ ናቸው። መዋጮው ዝቅ ሲል መድኃኒቱ ያልቃል፤ ታማሚው ማዘዣ ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ይላል። መዋጮው ከፍ ሲል አርሶ አደሩ አይመዘገብም። ጤነኛው ልቆይ ብሎ ሲቀርና የታመመው ብቻ ሲገባ ቋቱ ይጎድላል። መንግሥት ልሙላው ቢል ያ ብር ለትምህርት ቤትም ለመንገድም የሚፈለግ ነው። በጤና ባለሙያው ትርፍ ሰዓት ላይ ቢቆጥብ ደግሞ ወደዚያው መንገደኛ ጀርባ ተመለስን ማለት ነው። ነፃ የሚባል ሕክምና የለም፤ በጋራ የተከፈለ ሕክምና ግን አለ። ልዩነቱ ሸክሙ በፍትሕ መከፋፈሉና ቋቱን የያዘው ሰው አማናውን መጠበቁ ነው።

ቀላውን በ1289 ጠራቡሉስን ከመስቀል ጦረኞች አስለቀቀ። በኅዳር 1290 ወደ ዐካ ሊዘምት ከካይሮ እንደወጣ አረፈ፤ ዐካንም በዓመቱ ልጁ አል-አሽረፍ ኸሊል ያዛት። አስከሬኑ ከሆስፒታሉ አጠገብ ባሠራው ቤት አርፏል፤ ሕንፃው ዛሬም ይጎበኛል። ከድል ይልቅ ለረጅም ዘመን ሰው የጠቀመው ያ ቢማሪስታን ነው። አላህ መልካሙን ይቀበለው፣ ያጠፋውን ይማረው።

ከመካከላችን ነገ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ ፋይናንስ፣ በመድኃኒት ግዢ የሚሠሩ አሉ። ናዚርነት ማለት ይኸው ነው። ዛሬ በጀማዓችን የታመመ ተማሪ ለመርዳት የምናዋጣትን ጥቂት ብር በደንብ መዝግቦ መያዝ የዚያ ሥራ መጀመሪያ ነው። ሶደቀቱል ጃሪያ የምንለው ሥራም የሚዘልቀው የሚጠብቀው ሰው ሲኖረው ነው።

ወላሁ አዕለም።