ውሃ ያዘለው የዓይን መነጽር

የቼኮስሎቫኪያው የኬሚስትሪ ሊቅ ኦቶ ቪክተርሌ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1913 ተወልደው በ1998 አረፉ። በ1958 በፖለቲካ ሰበብ ከሚያስተምሩበት የፕራግ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተባረሩ፤ በኋላም በዓይን ብሌን ላይ የሚለጠፈውን የመነጽር ምርምራቸውን እንዲያቆሙ ተደረገ።

ከድራሆስላቭ ሊም ጋር የሠሩት ፕላስቲክ ሲደርቅ እንደ መስተዋት ጠንካራ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይለሰልሳል፤ ከክብደቱም ከመቶ 38 ያህሉ ውሃ ይሆናል። ከዚህ ውሃ ከፊሉ የፕላስቲኩን ሰንሰለት አጥብቆ ስለሚይዝ ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ በረዶ አይሆንም። የቀረው በሰንሰለቶቹ መካከል እንደ ልቡ ይዘዋወራል፤ ለዓይን የሚያስፈልገው ኦክሲጅንም በውሃው ሟሙቶ ያልፋል።

በ1961 የገና ሰሞን እኒህ ሊቅ ከልጆች የብረት መጫወቻና ከብስክሌት ዲናሞ አንዲት መኪና ገጣጠሙ (ይህን ያደረጉት በገዛ ቤታቸው ነው!)፤ ልስልሶቹንም መነጽሮች እያሽከረከሩ አወጡ። በ1970 እንደ ገና ከኢንስቲቱት ኃላፊነታቸው ተሻሩ፤ በ1990 ግን የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆኑ።