እቴጌ ጣይቱና የምንጩ ነገር

በመጽሔታችን ላይ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። እኔም ዘንድሮ እቴጌ ጣይቱ ብጡልን መረጥሁ። ምክንያቱን በስተመጨረሻ እገልጻለሁ።

አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት ቆስለው ስለ ሞቱ፣ ጣይቱ ያደጉት ከእናታቸው ጋራ በእኛው በጎጃም፣ በደብረ መዊዕ ነው። በዚያ ገዳም ማንበብና መጻፍ፣ ግዕዝም ተማሩ። በዘመኑ ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ እምብዛም ያልተለመደ ነበርና ይህ ትምህርት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ጠቀማቸው።

በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ተንኮል በታወቀ ጊዜም አጥብቀው ከተቃወሙት ሰዎች አንዷ ነበሩ።

በጥር 1888 ዓ.ም. ሠራዊታችን በመቀሌ፣ በእንዳ ኢየሱስ የመሸገውን የኢጣልያ ጦር ቢከብም ምሽጉ አልደፈር አለ። እቴጌም ጠላት የሚጠጣው ምንጭ እንዲያዝ መከሩ። ምክራቸው ተሰምቶ ምንጩ ተያዘ፤ ጠላትም በውሃ ጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቀቀ። የካቲት 23 ቀንም የዓድዋ ድል ሆነ።

ባለቤታቸው በታመሙ ጊዜ ሥልጣኑን ይዘው ነበር፤ ነገር ግን በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከአመራር አራቋቸው። በእንጦጦ ማርያም በጸሎት ተወስነው ኖረው በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

አሁን ምክንያቴን ልግለጽ። እኔ የቡሬ ገጠር ልጅ ነኝ። ወደ ፍኖተ ሰላም ለትምህርት ከመምጣቴ በፊት፣ ዶሮ ሲጮህ ጀሪካን አዝዬ ወደ ምንጭ እወርድ ነበር። ወረፋ ጠብቄ ስመለስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልፎ ይጠብቀኛል። በዚያ ሰዓት ወንድሜ ደብተሩን ያጠና ነበር።

በክልላችን በመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ መስፈሩ፣ ሴት ልጅም 18 ዓመት ሳይሞላት እንዳትዳር ሕግ መከልከሉ መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የመንደራችን እናቶች አስቀድሞ ይሠራልን የሚሉትን ብትጠይቋቸው፣ የቅርብ ውሃ፣ የሚወልዱበት ጤና ጣቢያ፣ ለሴት ልጆቻቸውም ትምህርት ይሏችኋል። በስብሰባ ላይ ግን ከኋላ ተቀምጠው ስለ ማዳበሪያና ስለ መንገድ ሲነገር ያዳምጣሉ፤ ስለ ምንጩ የሚጠይቃቸው የለም።

አንባቢ ሆይ፣ እቴጌይቱ በምክር ላይ ስለ ተቀመጡ ስለ ውሃ ያሉት ተሰማላቸው። የእኔም እናት የምንጭን ነገር ጠንቅቃ ታውቃለች። የጎደላት ተቀምጣ የምትናገርበት ስፍራ ነው።