የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

ደብራችን የኢዮቤልዩ በዓሏን በምታከብርበት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ፥ ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተነሥቶ አገሩን በብዕርና በሹመት ያገለገለ የአንድ ሊቅ ታሪክ መግባቱ የተገባ ነው፤ በቤተ መቅደስ ጥላ ሥር የተዘራ ትምህርት በአደባባይም እንደሚያፈራ ያስረዳልና። ስለዚህ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሕይወት ባጭሩ ለካህናትና ለምእመናን እናቀርባለን።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም.፥ በልደታ ለማርያም ዕለት፥ በሸዋ በመርሐ ቤቴ ደን በሚባል አገር ተወለዱ። እንደ አገራችን ልጆች ሥርዓት ፊደል ቆጥረው፥ ዳዊት ደግመው፥ ወደ ቅኔ ቤት ገቡ፤ በእንጦጦ ራጉኤልም ተምረውና አገልግለው በሊቅነታቸው ታወቁ። የስማቸው ትርጓሜ የተመረጠ ማለት ነው፤ ኋላ የሠሩትም ሥራ ስማቸውን አላሳፈረውም።

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘውድ ሲጭኑ፥ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ወደ ሎንዶን ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ኅሩይ ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጦርነት ስለ ተፈጸመ የደስታ መልእክት ይዘው፥ ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከሄዱበት አገር ሁሉ የሚበጀውን እየመረጡ ለወገናቸው ይጽፉ ነበር እንጂ፥ የውጭ አገር ነገር ስለ ሆነ ብቻ ሁሉን አያደንቁም፤ የአገራቸውም ልማድ ስለ ሆነ ብቻ ሁሉን አያጸድቁም ነበር።

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆነው ከተማይቱን አስተዳደሩ። ከዚያም በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት ተሾሙ። የሁለት ወገን ሕግና የሁለት ወገን ልማድ በሚገናኝበት በዚያ ወንበር መቀመጥ ቀላል አልነበረም፤ ወደ አገሩ ሰው ያዘነበለ እንደ ሆነ ከቆንስሎቹ ነቀፌታ፥ ወደ እንግዳው ያዘነበለ እንደ ሆነ ከወገን እርግማን ይከተለዋልና።

ዳሩ ግን ከሹመታቸው ሁሉ ይልቅ ስማቸውን ያጸናላቸው የመጻሕፍት ሥራ ነው። ማተሚያ በአገራችን ገና እንግዳ በነበረበት በዚያ ዘመን፥ የብራና መጽሐፍ ለማጻፍ ብዙ ወራትና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ስለ ነበር፥ ንባብ የጥቂቶች ርስት ሆኖ ይኖር ነበር። በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም ሲጀምር፥ ያገር ጉዳይ በወረቀት ላይ ወጥቶ የሚነበብበት ዘመን ሰፋ። ብላቴን ጌታ ኅሩይም ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቁመው መጻሕፍትን ያሳትሙ ነበር። አስቀድመውም በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቈጥረው ዝርዝራቸውን አውጥተዋል፤ በ1915 ዓ.ም. በየሕይወት ታሪክ መጽሐፋቸው የታላላቅ ሰዎችን ስምና ሥራ ከመረሳት አድነዋል።

ለእኛ ለቅኔ ተማሪዎች ግን ከሁሉ የሚበልጠው ውለታቸው በ1918 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፈ ቅኔ ነው። ቅኔ ለዕለቱ በዓል ተዘርፎ በማግሥቱ የማይደገም ነገር ስለ ሆነ፥ ሰሚው በቃሉ ካልያዘው እንደ ጤዛ ይጠፋል። እሳቸው ግን የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ከየጉባኤው ሰብስበው በማተማቸው፥ መምህሩ ቢሞት ቃሉ እንዳይሞት አደረጉ።

ልብ ወለድ ታሪካቸውንም በቅኔ ሥርዓት የጻፉት ይመስላል፤ ሰሙ ጨዋታ፥ ወርቁ ተግሣጽ ነው። ወዳጄ ልቤ በተባለው የሰውን ጠባይ በምሳሌ አሳዩ። በ1923 ዓ.ም. በወጣው በየልብ ሐሳብ የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ሲተርኩ፥ ልጆችን ሳይደርሱ መዳርን ነቀፉ። በ1925 ዓ.ም. በወጣው በአዲስ ዓለም ደግሞ አወቀ የሚባል ጐልማሳ በፓሪስ ተምሮ ሲመለስ፥ ስለ ሠርግና ስለ ተዝካር ድግስ ከዘመዶቹ ጋር እንዴት እንደ ተቸገረ ጻፉ። ይህነን የጻፈው ቤተ ክርስቲያንን የማያውቅ ቢሆን፥ ስድብ ተብሎ በቀረ ነበር። የጻፈው ግን ማሕሌቷን ያዜመ ልጇ ነውና፥ ዛሬም ቢሆን በብድር ደግሶ ባለዕዳ የሚሆን ምእመን ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። ለሙታን የሚጠቅመው ጸሎቱና ምጽዋቱ ነው እንጂ የጠጁ ብዛት አይደለም።

ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው፥ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ሄዱ፤ ያዩትንም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በሚል መጽሐፍ አስነበቡ። ነገር ግን በ1928 ዓ.ም. ጠላት በመርዝ ጢስና በአውሮፕላን ገፍቶ ሲመጣ፥ በመንግሥታት ማኅበር ላይ የነበረው ተስፋ ከንቱ ሆነ። በማተሚያ ላይ የነበረው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸውም ሳይፈጸም ቀረ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በኢየሩሳሌም በኩል ወደ እንግሊዝ አገር ደረሱ፤ በአገር ቤት ከቀሩት ልጆቻቸው መካከልም በጠላት እጅ የተገደሉ ነበሩ። በዚሁ ኀዘን ሳሉ፥ የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ፥ በመስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በባዝ ከተማ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። በቀብራቸውም ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስለ ሥራቸው ተናገሩ። ከነጻነት በኋላ ዐፅማቸው ወደ አገሩ ተመልሶ፥ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ የእኚህ ሊቅ ታሪክ አንድ ነገር ይጠይቀናል። በየደብሩ ሣጥን ውስጥ ብል የሚበላው ብራና፥ በየአረጋዊው መምህር ልብ ውስጥ ያለው ቅኔ፥ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። የደብራችንን በዓል እውነተኛ በዓል የሚያደርገው ይህነን መዝገብ ቈጥሮ፥ ጽፎ፥ ለልጅ ማስረከብ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይን ነፍስ ከአብርሃም፥ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም የሚጽፍ እጅና የሚያነብ ልቡና ይስጠን። አሜን።